መልስ ያልሰጠ ሰው ሁሉ ራሱን የሳተ ነውን?

የመክፈቻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ በድሬዳዋ በሰመመን ሕክምና ሙያ የምሠራ ነኝ። ለቀዶ ሕክምና የሚቀርቡ ታማሚዎች ከሚጠይቁኝ ሁሉ ዘወትር የሚከብደኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ መድኃኒቱ ከተሰጠኝ በኋላ የት ነው የምሆነው ይሉኛል። እንደሚተኙና ምንም እንደማይሰማቸው ነግሬ አረጋጋቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ሰመመን እንቅልፍ አይደለም፤ ምንም አይሰማም የሚለውም ቃል፣ ሙያውን በቅርብ ለሚያውቅ ሰው፣ በቀላሉ ከአፍ የሚወጣ አይደለም።

ለውይይት የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ንቃተ ኅሊና መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ለሌላ ሰው መልስ መስጠት መቻል ሌላ ነገር ነው፤ ያለፈውን ማስታወስ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። በሕክምናም ሆነ በፍልስፍና የሚነሱ ብዙ ክርክሮች መቋጫ የሚያጡት ሦስቱን እንደ አንድ ስለምንቆጥራቸው ይመስለኛል።

ማስረጃዬን ከሙያዬ ልጀምር። ከሰመመኑ ጋር ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት የተሰጠው ታማሚ በመሐል ቢነቃ እንኳ ጣቱን ማንቀሳቀስ አይችልም። ታንስታል የተባለ ሐኪም በ1977 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለዚህ ችግር ቀላል ዘዴ አቀረበ። ጡንቻ አዛዩ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት በታማሚው አንድ ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ይጠመጠምና ደም ወደ እጁ ማለፍ እስኪያቆም ድረስ በአየር ይነፋል። መድኃኒቱ ወደዚያ እጅ ስለማይደርስ የቀረው አካል ሁሉ ሲዝል ያ እጅ ብቻ መንቀሳቀስ እንደቻለ ይቆያል። ከዚያም ባለሙያው ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ በስሙ ይጠራውና የሚሰማው ከሆነ እጁን እንዲጨብጥለት ይጠይቀዋል። በ2017 በታተመና በተለያዩ አገሮች 260 ታማሚዎችን ባካተተ ጥናት፣ የመተንፈሻ ቱቦ ከገባላቸው በኋላ ከ100 ታማሚዎች ወደ 5 የሚጠጉት እጅ ጨብጠው መልስ ሰጥተዋል። በአንጻሩ በ2014 በብሪታንያና በአየርላንድ የወጣው ሰፊ የዳሰሳ ሪፖርት፣ ከሕክምናው በኋላ ነቅቼ ነበር ብለው በራሳቸው የተናገሩት ከ19,000 ሰመመን አንድ ገደማ ብቻ መሆናቸውን ያሳያል። ጥናቶቹ የተሠሩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ቁጥሮቹን አንዱን ለአንዱ ማካፈል አይገባም። ነገር ግን የነቃ ሁሉ እንደማያስታውስ፣ የማያስታውስ ሁሉም ያልነቃ እንዳልነበረ ለመረዳት ይህ ልዩነት ይበቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። ዝም ብሎ የተኛ ሰው ውስጡ ባዶ አለመሆኑን ምን ቢያሳያችሁ ታምናላችሁ? ደግሞስ የአንጎል ሥራ ለምን ስሜትን አስከትሎ ይመጣል? ያለ ምንም ስሜት በጨለማ መሥራት አይችልም ነበርን?

መልሶቹ እየበዙ ስለሄዱና አንዳንዶቹም ስለተደጋገሙ፣ ዘግይተው ለሚመጡ አንባቢዎች እንዲመች ፍሬ ነገራቸውን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬአለሁ።

1ኛ መልስ። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ የባዮሎጂ መምህር በትሕትና ጀመሩ። ከሦስቱ በፊት አንድ አራተኛ ነገር መለየት እንዳለበት አሳሰቡ፤ እሱም መንቃት ራሱ ነው። ሞሩዚና ማጉን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1949 በሰመመን ውስጥ ባሉ ድመቶች የአንጎል ግንድ ላይ በሚገኝ መረብ መሰል የነርቭ ክፍል ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲለቁ፣ የድመቶቹ የአንጎል ሞገድ ከእንቅልፍ መልኩ ወደ ንቃት መልኩ መለወጡን አስረዱ። ይህ ክፍል የንቃትን መጠን ይወስናል፤ በንቃቱ ውስጥ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚሰማ የሚወሰነው ግን በሌላ የአንጎል ክፍል ነው። ዓይኑ የተገለጠ፣ ጧት የሚነቃና ማታ የሚተኛ፣ ነገር ግን በዙሪያው ያለውን የማያውቅ የሚመስል ታማሚ የሚኖረው በዚህ ምክንያት መሆኑን አክለው ጻፉ። ክርክሩ በሥርዓት እንዲሄድ የረዳን ይህ መልስ ነው፤ በኋላ የመጡትም ደጋግመው ተመልሰውበታል።

2ኛ መልስ። ሐረር ውስጥ ያደገ የፍልስፍና ምሩቅ ሁለተኛውን ጥያቄዬን ያዘ። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 ቀላል ችግሮችንና ከባዱን ችግር እንደለየ አስታወሰ። አንጎል ብርሃንን ከጨለማ እንዴት እንደሚለይ፣ ትኩረቱን እንዴት እንደሚመራ፣ ያየውን እንዴት እንደሚናገር ማስረዳት ምንም ያህል ቢረዝም የሳይንስ ሥራ ነው፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን የሆነ ነገር እንደሚሰማን ግን ከዚያ ማብራሪያ ውስጥ ተመዞ አይወጣም። ፈላስፋው ቶማስ ናግል በ1974 የሌሊት ወፍን ምሳሌ አድርጎ ያነሳውን ጥያቄ እሱ ወደ ራሱ አገር ጅብ አመጣው። ማታ ከጁገል ግንብ ውጭ ጅብ አብሊው ስጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ ሰክቶ ሲዘረጋ፣ ጅቡ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ አንዴ ወደ ሰዉ አንዴ ወደ ወገኖቹ እያየ ይጠጋል። የጅቡን አንጎል እስከ መጨረሻዋ ሕዋስ ብንቆጥረው፣ ያ ሽታ ለጅቡ ምን እንደሆነ እናውቃለን ወይ ብሎ ጠየቀ። ምሳሌው ጥሩ ነው። እኔ ግን ከምሳሌው ይልቅ የጥያቄው አቀማመጥ ነው ያረካኝ፤ ጅቡ ስሜት አለው ወይ ብሎ አልጠየቀምና። ስሜት እንዳለው ተቀብሎ፣ ያንን ስሜት ከውጭ ማግኘት ይቻላል ወይ ነው ያለው።

3ኛ መልስ። አዲስ አበባ የሚሠሩ፣ ትውልዳቸው ግን ድሬዳዋ የሆነ ሐኪም ሁለተኛውን መልስ አጥብቀው ተቃወሙ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሕይወት ያለውን ነገር ሕይወት ከሌለው የሚለየው ልዩ ኃይል ነው ይባል እንደነበር፣ የኬሚስትሪ ሊቁ ቮለር በ1828 በእንስሳት ሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያን በቤተ ሙከራ ሲሠራ ይህ እምነት መሸርሸር እንደጀመረ፣ ዛሬ ያንን ኃይል የሚፈልግ ሰው እንደሌለ ጻፉ። ከባዱ ችግርም በዚሁ መንገድ ቀስ በቀስ እንደሚሟሟ፣ ፈላስፋው ዳንኤል ዴኔትም ዕድሜ ልኩን የተከራከረው ለዚህ እንደነበር አስረዱ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። መጨረሻ ላይ ግን የጅቡን ምሳሌ ለቱሪስት የሚነገር ወሬ አሉት፤ ይህ ለወጣቱ የሚገባ አልነበረም።

4ኛ መልስ። የሐረር ነዋሪ የሆነች አንባቢ በጨዋ ቃል መለሰችላቸው። ሕይወትን በተመለከተ መጀመሪያም ሊብራራ የሚገባው ነገር ማደግ፣ መራባት፣ መብላት፣ ቁስልን መጠገን ነበር፤ እነዚህ ሁሉ ተግባራት ስለሆኑ የተግባሩ አሠራር ሲታወቅ ጥያቄው አብሮ አለቀ። ስሜት ግን ተግባሩ ከተብራራ በኋላም የሚተርፍ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ የሐኪሙ ንጽጽር የሚያስፈልገውን ነገር አስቀድሞ እንደተረጋገጠ ወስዶ የሚነሳ ነው። ቻልመርስም ለዚህ ንጽጽር የሰጠው ምላሽ ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው። በዚህ ነጥብ ላይ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ዛሬ መትረፉ ነገ እንደማይዘጋ ማረጋገጫ አይሆንም።

5ኛ መልስ። ከዚያ በኋላ ውይይቱን ወደ ምድር ያወረደው በሳቢያን ሰፈር ሱቅ ያለው ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት ጫት ሲቅም ቆይቶ በአንድ ጊዜ ባቆመበት ሰሞን ዱካክ እንደያዘው ተረከ። ሌሊት ነቃ፤ ጣሪያውን ያያል፤ የመስኮቱ መጋረጃ በነፋስ ሲነሳና ሲወድቅ ያያል፤ ባለቤቱ በጓዳ በኩል ሲኒ ስታጥብና ሲኒዎቹ ከረከቦቱ ጋር ሲጋጩ ይሰማል። ሊጠራት ቢሞክር ምላሱ አልታዘዝ አለው፤ ጣቱም አልነቃነቅ አለው። ደረቱ ላይ አንድ የከበደ ነገር ተቀምጧል። ባለቤቱ መጥታ አየችውና በሰላም የተኛ መስሏት ብርድ ልብሱን አስተካክላለት ሄደች። በመክፈቻው ጽሑፍ የተጠየቀው ለእሱ የፍልስፍና ጥያቄ እንዳልሆነ፣ እሱ በዚያች ሌሊት መልስ የማይሰጥ ሰው እንደነበረና ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እዚያው እንደነበረ ጻፈ።

6ኛ መልስ። የባዮሎጂ መምህሩ ተመልሰው ምክንያቱን አብራሩ። አሰሪንስኪና ክላይትማን በ1953 ያሳወቁት፣ ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትና ሕልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል አለ፤ በዚያ ጊዜ የአንጎል ግንድ የአካል ጡንቻዎችን ያዝላል፤ ሕልማችንን ተነስተን እንዳንሠራው ማለት ነው። አንዳንዴ ንቃቱ ቀድሞ ይመጣና መዛሉ ይዘገያል፤ ሕልሙም ከነቃው ዓለም ጋር ይቀላቀላል። ጫትን ለረጅም ጊዜ የቃመ ሰው ሲያቆም እንቅልፉና ሕልሙ እንደሚታወክ፣ ዱካክ ያሠቃየኛል የሚሉ ብዙዎች እንዳሉም አከሉ። የባለሱቁን ምስክርነት የመክፈቻውን ሐሳብ በገዛ አካል የተፈተነ ማስረጃ ብለው ጠሩት፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አልጠብቅም።

7ኛና 8ኛ መልስ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ጫት ሄደ። አንዱ የምርቃናን ስሜት፣ ሌላው የአወዳይን ገበያና የዘንድሮውን ዋጋ አነሱ፤ ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ጠየቅሁና ተመለሱ።

9ኛ መልስ። በጁገል ውስጥ የሚኖሩ አንድ አባት የጻፉትን ሁለት ጊዜ አንብቤአለሁ። ስለ ንቃተ ኅሊና ስንነጋገር ሁልጊዜ ከአውሮፓ መጀመራችን እንደሚያሳዝናቸው ገልጸው፣ በ1037 ያረፈውን ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ሲናን አስታወሱን። ኢብን ሲና አንድ ሰው ሙሉ ሰው ሆኖ በአንድ ጊዜ እንደተፈጠረ፣ ዓይኑ እንደተሸፈነ፣ በአየር ላይ ተንሳፍፎ እግሩ እግሩን እጁም እጁን እንደማይነካ አስቡ ይላል። ምንም አያይም፣ ምንም አይሰማም፣ አካል እንዳለውም አያውቅም፤ ሆኖም ራሱ መኖሩን ያውቃል። ስለዚህ ራስን ማወቅ ከስሜት ሕዋሳትና ከአካል መልስ በፊት የሚቀድም ነው ማለት ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ተቀራራቢ ሐሳብ ያቀረበው በ1641፣ ከ600 ዓመታት በኋላ መሆኑን አስረዱ። የባለሱቁን ዱካክና የኢብን ሲናን ተንሳፋፊ ሰው ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው ከክሩ ሁሉ የበለጠ የገረመኝ ነገር ነው። አንደኛው በሐሳብ የተሠራ ነው፤ ሌላው በሳቢያን በአንድ አልጋ ላይ የሆነ ነው፤ የሚሉት ግን አንድ ነው።

10ኛ መልስ። የአዲስ አበባው ሐኪም ለአባታችን በአክብሮት ቃል፣ ግን ሳያለሳልሱ መለሱ። አንድ ነገር ያለ ሌላው ሊታሰብ መቻሉ ያለ ሌላው ሊኖር እንደሚችል አያረጋግጥም፤ ተንሳፋፊው ሰው የሚያስበው አንጎል ስላለው ነው። የቦሔሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥም በ1643 ለዴካርት በጻፈችው ደብዳቤ፣ ቁስ ያልሆነ ነፍስ ቁስ የሆነውን አካል እንዴት ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል ጠይቃው እንደነበረና ያረካት መልስ እንዳላገኘች አነሱ። የጁገሉ አባትም ኢብን ሲና ያቀረበውን ማንቂያ እንጂ የመጨረሻ ማረጋገጫ አድርገው እንዳላነሱት በአጭሩ ጽፈው ተስማሙ። እንዲህ ያለ መተራረም ቢበዛልን ደስ ይለኛል።

11ኛ መልስ። አንድ የድሬዳዋ ተማሪ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ መለሰንና፣ ማስረጃ የሚባለው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ራሴ የጻፍኩለት ይህን ነው። በ2006 አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ በመኪና አደጋ ጉዳት ደርሶባት ለወራት ምንም መልስ ያልሰጠች የ23 ዓመት ሴት የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳየው መሣሪያ በኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው ቴኒስ እንደምትጫወት እንድታስብ ነገሯት፤ ቀጥሎም በቤቷ ክፍሎች ውስጥ እንደምትዘዋወር እንድታስብ ነገሯት። በመጀመሪያው ጊዜ እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎል ክፍል፣ በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ቦታን የሚያስታውሰው ክፍል፣ ጤነኛ ሰዎች ላይ እንደታየው ሆኖ ሥራ ጀመረ። በ2010 ከተመረመሩ 54 ታማሚዎች 5ቱ እንዲህ ማድረግ የቻሉ ሲሆን፣ አንዱ ቴኒሱን ለአዎን፣ ቤቱን ለአይደለም አድርጎ ስለ ቤተሰቡ ለቀረቡለት ጥያቄዎች መልስ ሰጠ።

12ኛ መልስ። ሐኪሙ ይህን ቢቀበሉም፣ አንድ ቃል ሲሰማ አንጎል ሳያውቅ በልማድ ሊነሣሣ ይችላል ሲሉ አስጠነቀቁ። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ነገር ግን የአንጎሉ ሥራ በቃሉ ቅጽበት ብልጭ ብሎ የጠፋ አልነበረም፤ እንድታርፍ እስክትነገር ድረስ ለ30 ሴኮንድ ያህል ቆይቷል፤ ይህንንም ጽፌላቸዋለሁ።

13ኛ መልስ። አንዲት ነርስ ከሐረር አንድ ጠቃሚ ነገር አመጣች። ቴኒስን በቴሌቪዥን ብቻ ለሚያውቅ የአገራችን ሰው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ምን ይጠቅማል ብላ ጠየቀች፤ የድሬን ሰው ከከዚራ ተነሥቶ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ እንዲደርስ፣ የሐረርን ሰው በጁገል ቀጫጭን መንገዶች ወደ ቤቱ እንዲገባ ማሳሰብ ይሻላል አለች። ይህ ትክክል ነው፤ የሚፈለገው ታማሚው ደህና የሚያውቀው መንገድ ነው። አያይዛም ኤምአርአዩ በሌለበት ቦታ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበውን ኢኢጂን መጠቀም እንደሚቻል አነሳች። እኔም በ2024 የታተመውን ሰፊ ጥናት ጠቀስኩላት። በአልጋው ዳር ለትእዛዝ ምንም መልስ ካልሰጡ 241 ታማሚዎች 60ዎቹ፣ ማለትም ከአራት አንዱ፣ በኤምአርአይ ወይም በኢኢጂ ሲታዩ ትእዛዙን እየተከተሉ ነበር።

14ኛ መልስ። ከዚህ ቁጥር በኋላ አንዲት እህት ጻፈች። ወንድሟ በባጃጅ አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ስሙን ልትጠቅስ ባልፈለገችው አንድ ሆስፒታል ለሳምንታት ተኝቶ ነበር። አንድ ባለሙያ አልጋው ዳር ቆሞ፣ የተኛው ሰው እንደሌለ ቆጥሮ፣ ከእንግዲህ ቤተሰቡ ለቀብር ቢዘጋጅ እንደሚሻል ድምፁን ሳይቀንስ ተናገረ። ዘመዶችም እዚያው ስለ ድንኳንና ስለ እድር መነጋገር ጀመሩ። እሷ ጭንቅላቱ ዘንድ ተቀምጣ እጁን ይዛ ነበር፤ የጣቶቹ ሙቀት አልተለየም ነበር። ወንድሟ ከቀናት በኋላ አረፈ። የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቀን ሰምቶ ይሆን?

15ኛ መልስ። ሐኪሙ ፈጥነው መለሱላት። ያ ጥናት የተሠራው በተመረጡ ታማሚዎች ላይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ በሽተኛ አይሠራም፤ አንጎሉ በጣም የተጎዳ ሰው ሰምቷል ብሎ ማሰብ ለሐዘንተኛ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም አሉ። ስለ ጥናቱ ያሉት ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የጠየቀችው እህት ናት፤ ወንድሟን በቀበረች እህት ፊት እንዲህ አይጻፍም።

16ኛና 17ኛ መልስ። የሳቢያኑ ባለሱቅ፣ የድሬ ልጅ እንደሚያደርገው አቦ ብሎ ጀምሮ፣ ሐኪሙን በአንተ እየጠራ ወረደባቸው፤ በአልጋ ላይ ተኝቶ ውስጡ ያልታየን ሰው ከአልጋው ውጭ ያለው እንዴት ሊፈርድበት ይችላል አለ። ሐኪሙም መድረኩ የለቅሶ ቤት እንዳልሆነ መለሱ። ሁለቱንም ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ለመንኳቸው፤ ለእህታችንም የማውቀውን ጻፍኩላት። ሰምቶ ወይም አልሰማ እንደሆነ በዚያ ጊዜ ያልተመረመረን ሰው በሚመለከት ማንም ሊነግራት አይችልም። እጁን መያዟ ግን ሰምቶ ከነበረ ጠቅሞታል፤ ካልሰማም አልጎዳውም። በአልጋው ዳር የተነገረው ንግግር ግን ሰምቶ ከነበረ ክፉ ጉዳት ነው። ስለዚህ ርግጠኛ በማንሆንበት ቦታ የትኛውን ጠባይ መያዝ እንዳለብን ከፍልስፍናው በፊት የሚታወቅ ነው።

18ኛ መልስ። የሐረሩ ፍልስፍና ምሩቅ ውይይቱን ወደ ንድፈ ሐሳቦቹ መለሰ። አንደኛው ወገን በርናርድ ባርስ በ1988 ያስጀመረውና ስታኒስላስ ደሃን ያስፋፋው ነው፤ መረጃ ወደ ንቃተ ኅሊና የሚገባው በአንጎል ውስጥ በስፋት ተሠራጭቶ ለብዙ ክፍሎች ሲደርስ ነው ይላል፤ ለዚህም የፊተኛው የአንጎል ክፍል ትልቅ ድርሻ አለው። ሁለተኛው ጁሊዮ ቶኖኒ በ2004 ያቀረበው ነው፤ ወሳኙ የአንድ ሥርዓት ክፍሎች ምን ያህል ተሳስረው አንድ መረጃ እንደሚያመነጩ ነው ይላል፤ ቦታውንም ወደ ኋለኛው የአንጎል ቅርፊት ያደርገዋል። የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ በ1998 ከቻልመርስ ጋር በ25 ዓመት ውስጥ የንቃተ ኅሊና የነርቭ ምልክት በግልጽ ይታወቃል ብሎ ተወራርዶ በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በጉባኤ ፊት መሸነፉን ተቀብሎ ወይን ጠጅ ሰጠ። ሁለቱን ንድፈ ሐሳቦች ፊት ለፊት ያጋጠመው የጋራ ጥናት በ2025 ሲታተም፣ አንዱም ያሰበው ሁሉ አልሰመረለትም፤ እያንዳንዱ የሚደገፍበትም የሚነቀፍበትም ነገር ተገኘ።

19ኛ መልስ። ተማሪው አንጎል 100 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋሳት ስላሉት ብዛቱ ይበቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህሩ 100 ቢሊዮን የሚለው የቆየ ግምት እንደሆነ፣ በ2009 በተደረገ ቆጠራ 86 ቢሊዮን ገደማ መሆኑ እንደተገኘ አርመው ጻፉ። ከእነዚህም 69 ቢሊዮን የሚሆኑት ከኋላ በታች በሚገኘው ትንሹ አንጎል ውስጥ ሲሆኑ፣ በትልቁ አንጎል ቅርፊት ውስጥ ያሉት 16 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ይሁንና ትንሹ አንጎል ሳይኖራት የተወለደች፣ በ2014 የተዘገበች የቻይና ሴት አካሄዷ የተሰናከለና አነጋገሯ የተጎተተ ቢሆንም ንቃተ ኅሊናዋ ግን ያለ ነው። ስለዚህ ብዛት ሳይሆን አደረጃጀት ነው ወሳኙ፤ የቶኖኒ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ትልቁ ማስረጃም ይኸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ2023 ከ120 በላይ ተመራማሪዎች የቶኖኒን ንድፈ ሐሳብ ሐሰተኛ ሳይንስ ብለው በደብዳቤ ነቅፈውታል። ደብዳቤው የበዛ ይመስለኛል። በአንጎል ላይ በመግነጢስ ምት ሰጥቶ የሚመለሰውን ማሚቶ ውስብስብነት የሚለካው ዘዴ የተወለደው ከዚያ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ እንደ እኔ ኬታሚን በተባለው የሰመመን መድኃኒት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በኬታሚን ውስጥ ያለ ታማሚ መልስ አይሰጥም፤ ማሚቶው ግን እንደ ነቃ ሰው ውስብስብ ሆኖ ይገኛል፤ ሲነቃም በሰማይ ስበር ነበር፣ ከግድግዳው ውስጥ ስወጣ ነበር ብሎ ያወራል። መለኪያው ሰውየው ያልመለሰውን መልስ አስቀድሞ አገኘው ማለት ነው።

20ኛ መልስ። ተማሪው እንደገና መጣና ተቃራኒውን ጠየቀ። መልስ አለመስጠት ስሜት አለመኖርን የማያሳይ ከሆነ፣ ዛሬ በስልካችን የጠየቅነውን ሁሉ የሚመልሱልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽኖች መልስ ስለሰጡ ስሜት አላቸው ልንል ነውን? ፍልስፍና ምሩቁ መልስ መስጠትና መሰማት በሰው ላይም ቢሆን በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚለያዩ አስረዳ። ወይስክራንዝ በ1974 ያስተዋወቀው አንድ ታማሚ በቀዶ ሕክምና የእይታው ግማሽ ጠፍቶበት ነበር፤ በዚያ በኩል ምንም አላይም ይል ነበር፤ ገምተህ አመልክት ሲባል ግን ብርሃኑ ያለበትን ቦታ በጣም በጥሩ ሁኔታ ያመለክት ነበር። ይህ ሰው መልስ ይሰጥ ነበር፤ ለራሱ ግን እይታው አልነበረውም። ስለዚህ ማሽን ትክክለኛ መልስ መስጠቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከዚህ በላይ ማለት ግን ዛሬ ያለን እውቀት አይፈቅድም። ሐኪሙ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ተስማሙ፤ ቀድሞ የነበረው ቁጣም በረደ።

21ኛ መልስ። የሐረሯ ነርስ ይህ ሁሉ ኤምአርአይና መግነጢስ ለእኛ ክፍሎች ሩቅ ስለሆነ ዛሬ ማታ ተረኛ ስትሆን ምን ማድረግ እንደምትችል ጠየቀች። የጻፍኩላት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በ2004 የወጣው የተሻሻለው የኮማ ማገገሚያ መለኪያ በአልጋ ዳር የሚደረጉ ጥቂት ፈተናዎችን ብቻ ይጠይቃል፤ በ2009 ከጋራ የሐኪሞች ግምገማ ጋር ሲነጻጸር፣ ንቃት የላቸውም ከተባሉ 44 ታማሚዎች 18ቱ አንዳች የንቃተ ኅሊና ምልክት እንዳላቸው ያገኘው ይህ መለኪያ ነው። ከፈተናዎቹ አንዱ ዓይን የሚንቀሳቀስን ነገር መከተሉን ማየት ነው። ለዚህ ብዙዎች ጣታቸውን ወይም የእጅ ባትሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ታማሚው ግን ከሌላ ነገር ይልቅ በመስተዋት ውስጥ ያለውን የገዛ ፊቱን ስለሚከተል፣ በጣት ብቻ የተፈተነ ሰው ምልክቱ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ መዳፍ የሚሞላ መስተዋት ፊቱ አጠገብ አድርጋ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ ብላ እንድታንቀሳቅስ፣ ዓይኑ ሳይቋረጥ መከተሉን እንድትመዘግብ ነገርኳት።

22ኛ መልስ። ነርሷ አንድ ጊዜ ካልተከተለ ምን እንደምታደርግ ጠየቀች፤ ሐኪሙ ቀድመውኝ መለሱላት። የንቃቱ መጠን በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ስለሚለዋወጥ፣ አንድ ፈተና ምንም አያረጋግጥም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 5 ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ካልተሰጠበት ጊዜ መርጣ እንድትደግመው፣ በክፍሉም ውስጥ ስለ ታማሚው የሚነገረውን ሁሉ ሲሰማ እንደሚነገር አድርጋ እንድታስነግር ጻፉላት።